ከምላስ ሥር

የማይታኘክ፣ የማይዋጥ፣ ከምላስ ሥር ተቀምጦ በራሱ ቀልጦ የሚጠፋ ነገር ተበላ ይባላል? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። በዕድሜ የሚያንሱኝ የክፍል ልጆች «እትዬ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዚያ የተረፈኝ አመል፣ እጄ የገባን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ አለማስቀመጥ ነው። የእናቴ የልብ ክኒን፣ ትሪኒትሪን የምንላት፣ የታዘዘላት ቀን ከካርቶኑ የወጣውን የፈረንሳይኛ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደረትን ሲጨመድድ ቁጭ ብሎ ከምላስ ሥር ማድረግ፤ አለመዋጥ፤ ከሙቀት ማራቅ። ይህ የመጨረሻው ለጅቡቲ ሰው ቀልድ ይመስላል። ስለ ቁርባን ግን አንድም ቃል የለውም። ሐኪሟ ደግሞ ሕመሙ ሲጀምራት ካልወሰደች አንድ ቀን ልቧ ሊቆም እንደሚችል ነግሮኛል።

የምሠራው ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ስለ ጾም የሚጠይቅ የለም። ደረቱን ይዞ የገባ አስፒሪን ያኝካል፤ ልቡ ቀጥ ላለበት አድሬናሊን በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ጥያቄው የሚጀምረው ቤቴ ስገባ ነው።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆራቢ ናት። ልትቆርብ ስትል ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም። የክኒኗን ጠርሙስም ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀምጣ ትወጣለች።

«እማዬ፣ አትዋጥም እኮ» አልኳት በመጀመሪያው ሰሞን።

«አፍ ገብታ የት ትደርሳለች?»

«በቀጥታ ወደ ደም ነው የምትገባው።»

«እንግዲያው ከመዋጥም ብሳለች።»

«የንስሐ አባትሽን ልጠይቃቸው?»

«ተዪ። ይሁን ቢሉኝ አዝነውልኝ ነው። አይሆንም ቢሉኝ አንቺ ትቀየሚያቸዋለሽ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ እሷ በምትቆርብበት እሑድ ሁሉ ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር ጨብጬ ከኋላዋ እቆማለሁ። ሰው መቅደሱን ሲያይ እኔ የማየው ትከሻዋን ነው፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን። ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የምመጣበት ቀን አለ። መድኃኒት ጨብጦ አለመስጠት ግን ከተረኝነቱም ይልቅ ያደክመኛል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በበረታበት እሑድ፣ መብራት ጠፍቶ የቤተ ክርስቲያኑ ማራገቢያ ቆመ። በቅዳሴው መካከል የእናቴ እጅ ወደ ደረቷ ሄደ። ግድግዳውን ተደገፈች። ጠርሙሱን ከፍቼ ቀረብኳት። አየችኝና ከንፈሯን ገጠመች። በሥራዬ የማላውቀውን ሰው አፍ በጣቴ ከፍቼ አውቃለሁ፤ የእናቴን አልደፈርኩም። ላቡ ከግንባሯ እየወረደ፣ እንደቆመች ቆረበች፤ ጠበሉን ጠጣች። ከዚያ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ አለችና፣

«በይ አሁን አምጪ» አለችኝ።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ደርሰን እሷ ጋደም ስትል እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሶማሌዋ ጎረቤታችን በሯ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከእኛ ጋር ስላደገች አማርኛን ከእኔ አፍጥና ነው የምትናገረው።

«ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም» አልኳት። ከዚያ ሳላስበው ነገርኳት። ሁሉንም።

ጭልፋዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«የእኔ ሰውዬ የሚወስዳት ያቺው አይደለችም? እሱ እኮ ረመዳን ሲገባ ሄዶ ሼኩን ጠየቃቸው። የእናንተ ቄስ ምን አሉ?»

«አልጠየቅናቸውም።»

«ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ? ካፈርሽ እኔ እጠይቅልሻለሁ። ሻሼን አስሬ የቤተ ክርስቲያናችሁ በር ላይ እቆማለሁ። እኔን ሲያዩ ይደነግጡ እንደሆነ እንጂ አይቆጡም።»

ሳቄ መጣ። ከኋላችን የበሩ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ለካ አልተኛችም።

«ነገርሻት?» አለች ከውስጥ።

«ነገርኳት፣ እማዬ።»

 ቁጣዋን ስጠብቅ የመጣው የደከመው ድምፅዋ ነው።

«ሼካቸው ምን አሉ?»