ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ኮንግረስማን

የዓለምዘርፍ ያለ አማላጅ ጉዳይ የማይሆንላት ሴት ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ክሪስታል ሲቲ ካለው ሆቴል አልጋ ከማንጠፍ ተነሥታ ሱፐርቫይዘር ሆናለች፤ ዜግነቷንም አግኝታለች። አመሏ ግን አልለቀቃትም፤ የሥራ ሰዓት ለማስቀየር እንኳ ሰው ልካ ነው የምታስጠይቀው።

ባሏ ብሥራት አገር ቤት ነው፤ የቪዛ ፋይሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። "ዝም አይነቅዝም" እያለች ጠበቀች። አንድ ቀን ግን ልጃቸው ሶሊ ትምህርት ቤት ቤተሰብሽን ሣዪ ተብላ፣ አባቷን ስልክ ውስጥ አድርጋ ሥላው መጣች። የዓለምዘርፍ ሥዕሉን አይታ አለቀሰች።

የሥራ ባልደረባዋ ዕንቁ ኮንግረስማንሽን ጠይቂ አለቻት። የዓለምዘርፍ ከተጠየቀ አይቀር ሴናተሩ ይሻላል ባይ ነበረች፤ ትልቁ እያለ ምን ሲደረግ ወደ ትንሹ! ዕንቁ ሴናተሮቹ ለመላው ቨርጂኒያ ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ ኮንግረስማኑ ግን ምክር ቤት ውስጥ የእነሱን አካባቢ ሕዝብ ብቻ ወክሎ እንደሚቀመጥ፣ ቢሮውም ቅርብ እንደሆነ አስረዳቻት። "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ይባል የለ? የዓለምዘርፍ እሺ አለች። ብቻዋን ልትሄድ ግን አልደፈረችም።

ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁት ጋሽ ሠረቀብርሃን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግረው መጡ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውንም ደርበዋል። የጠበቁት ያንን ባለ ጉልላቱን ነጭ የምክር ቤት ሕንፃ ነበር፤ የገቡት ግን ከጥርስ ሐኪም ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ቢሮ ነው። ኮንግረስማኑ የሉም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለቻቸው።

ጋሽ ሠረቀብርሃን አልተቀመጡም። ቆመው፣ ባላቸው እንግሊዝኛ፣ የኮንግረስማኑን ወላጆች ሳይቀር መርቀው ምልጃቸውን አደረሱ። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማቻቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከመካከላችሁ በዚህ የምርጫ ወረዳ የሚኖር ማነው?

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሦስቱም የሜሪላንድ ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ለአንድም ነገር አልጠቀመም። እጇን ያወጣችው ከበስተኋላ የተቀመጠችው የዓለምዘርፍ ብቻ ነበረች።

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። ኮንግረስማኑ ኤምባሲውን ማዘዝ አይችሉም፤ ፋይሉ ምን እንደያዘው ግን በስሟ መጠየቅ ይችላሉ። ለዚያም ፈቃዷን በፊርማ መስጠት አለባት። የዓለምዘርፍ ፈረመች። በሩብ ሰዓት አለቀ።

መኪና ውስጥ ከፋት። ሰውየውን ሳናያቸው፣ ሳንለማመጣቸው ምን ተሠራ ብላ አማረረች። ጋሽ ሠረቀብርሃን ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ እዚህ አገር ደጅ የሚጠኑት እነሱ ናቸው፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር፣ በየሁለት ዓመቱ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ደጄ ሲመጡ በሬን አልከፈትኩም" አሉ። አፍረው ነበር። በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚወክለው ማን እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁ።

ሰባት ሳምንት አልፎ ከኤምባሲው የኢንተርቪው ቀጠሮ መጣ። ክረምቱ ሳይገባ ብሥራት ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሶሊ መጀመሪያ ቁመቱን አየች፤ ስልክ ውስጥ እንዲህ ረጅም አልነበረም። ከዚያ እጁን ያዘችና ቤት እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።

መንገድ ላይ ብሥራት፣ ሚስቱን ስለሚያውቃት፣ ሳቅ እያለ ጠየቃት። "ለመሆኑ ማንን አማላጅ ላክሽ?"

የዓለምዘርፍ ስለ ሽማግሌዎቹ ልትነግረው ጀምራ ሳቋ መጣ።

"አማላጅ አልሠራም። የት ነው የምትኖሪው አሉኝ፤ አድራሻዬን ነገርኳቸው። በቃ።"

ብሥራት አድራሻውን በቃሉ እንዲይዘው ቀስ ብላ እንድትደግምለት ለመናት።