ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ደረጃ

ሲዋርድ ሰፈር ያለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ታካሚውን ሁሉ «ግብዎ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አስተርጓሚዋ ፀሎት መልሱን ለምዳዋለች፤ አንዱ ቆሞ ማስቀደስ፣ ሌላው ያለ ደጋፊ ከመኪና መውረድ ይፈልጋል። ጉልበታቸውን ያስቀየሩት እናት ግን፣ «ተሰሎንቄ፣ ላይኛው ሰፈር፣ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ደረጃ መውጣት» ብለው አስጻፉ።

ከከተማው ዳር፣ ከኩን ራፒድስ በሁለት አውቶቡስ፣ ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ሌላው ታካሚ ስኒከር ሲያደርግ እሳቸው የተራራ ጫማቸውን ማሰሪያ ሁለቴ ይቋጥራሉ።

«እዚያ ሰፈር መኪና አይገባም እንዴ፣ እማማ?» አለቻቸው ፀሎት።

«እስከ ግማሹ ነው። ከዚያ በላይ እስከ አሮጌው የከተማው ግንብ ድረስ ደረጃ ብቻ ነው።»

«ማን አለዎት እዚያ?»

«ወረቀት ሳይኖረኝ ሦስት ዓመት ቤቷ የደበቀችኝ አሠሪዬ። ወደዚህ አገር መግቢያ ቪዛዬ ሲመጣ ሳልሰናበታት ወጣሁ። አሁን እሷ እንዳትወርድ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ለመስከረም ትኬት ቆርጫለሁ።»

የሕንጻው ደረጃ ላይ ልምምድ ሲያደርጉ፣ ዐሥረኛው ላይ ቴራፒስቱ በእንግሊዝኛ «ለዛሬ ይበቃል» አለ። እሳቸው ትርጉም አልጠበቁም።

«ንገሪው፣ ልጄ» አሉ፣ መደገፊያውን እንደ ጨበጡ። «እዚህ ሆኜ ቤቷ እንኳ አይታየኝም።»

ዐሥራ አንደኛውን ረገጡ።