አራት ነጥብ የሌለው መጽሐፍ

ልብስ ሰፊዋ የከሰዓቱን ሥራ ጨርሳ መቀሱን ስትሰቅል፣ አባቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ነይ አንብቢልኝ ማለታቸው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አንድ ቁጭት ይዟቸዋል፤ በወጣትነታቸው ጀምረው እጅ የሰጡበትን ወፍራም ልብ ወለድ ሳይጨርሱ መሞት አይፈልጉም።

መጽሐፉ ደግሞ ጉድ ነው። አንዲት ሴት መስኮት ዳር ቁጭ ብላ ታስባለች፣ በቃ። የሞተ ሰው መጥቶ ይጫወታል፣ የአምናው ዝናብ ዛሬ ይዘንባል፤ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ልብስ ሰፊዋ የት ላይ እንደምትተነፍስ ግራ ገባት። ጫፉ የጠፋ ክር በስንት ጣዕሙ! ቆም ካለች አባቷ "ቀጥይ!" ይላሉ፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው።

እሷ ግን ጨንቋታል። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ስፌት ቤት በኃላፊነት ሊቀጥራት ጠርቷታል፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ካልሰጠች ዕድሉ ለሌላ ነው። ለአባቷ እንዴት ትንገራቸው? ወንድሟ እዚሁ ሰፈር ቢኖርም ሰበብ አያልቅበትም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ሐሙስ ዕለት ስታነብ መስመሩ ጠፋባት።

"ቀጥይ!"

ዓይኗ መስመሩን ሲፈልግ አፏ ቀደማት። "... እና ይሄ ክፍል ጠበበኝ እና በሩ ክፍት ነው ግን እግሬ አይወጣም እና አባቴን እወዳለሁ እና ደከመኝ እና ሂጂ የሚለኝ ሰው አጣሁ እና..."

አባቷ ቀና አሉ።

"እስቲ እሱን ድገሚልኝ።"

ከየት አምጥታ ትድገመው? ገጹን ገለጠች፣ መለሰች።

"ጠፋብኝ፣ አባዬ።"

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ሲያስነብቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከገጹ የሚያነብንና ከራሱ የሚፈጥርን ልጅ በድምፁ ይለያሉ።

"ያቺ ሴትዮ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሂጂ የሚላት ካጣች ቆየች?"

"ቆየች።"

እጃቸውን ዘረጉ። መጽሐፉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘጉት።

"ወንድምሽን ጥሪልኝ። ከነገ ጀምሮ እሱ ያንብብልኝ።"

"አባዬ፣ እሱ እኮ ሲያነብ እንደ ጋሪ ነው የሚንገጫገጨው!"

"ይንገጫገጭ። አንቺ ሂጂ።"

ስትመኘው የኖረችው ቃል ይኸው መጣ። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች፤ ከወንበሯም መነሳት አቃታት።