እንብላ የማይባልበት አግዳሚ

ሶዶ ገበያ ውስጥ ከእህል ተራው ጀርባ ላስቲክና ቆርቆሮ የለበሱ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ምግብ ቤት ማለት ካስኬደ ነው እንግዲህ። አንድ ምድጃ፣ ሁለት አግዳሚ፣ አንዲት ሴትዮ፣ በቃ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሚቀርበውን ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በጎመንና ቦዬ የሚባለውን የተቀቀለ ሥራ ሥር በዳጣ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ባለመስታወት ሆቴሎች እጥፍ አስከፍለውም አይሰጡም። ዳጣው ቃሪያና ነጭ ሽንኩርቱ የማይቆጠብበት ስለሆነ ገና ሳይጎረስ ዓይን ያስነባል።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከገሱባ በሚኒባስ ይመጣል፤ እኔ ሶዶ ቢሮ ስለምሠራ ምሳ እዚያ አብረን እንበላለን። እውነቱን ለመናገር የሚመጣው ለምግቡ አልነበረም፣ ሰው ለመጥራት ነው። ትሪው ሳይቀመጥ አንገቱን ወደ መንገዱ ያሰግግና አላፊ አግዳሚውን ሁሉ "ኑ፣ እንብላ!" ይላል። አብዛኛው ሰው "ይባረክ" ብሎ ያልፋል፤ የሚያውቀውን ግን ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል።

ከሁሉም የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር። ቤሌ ከተማ አብሮት ያስተማረ፣ እንደሱው ጡረታ የወጣ፣ አሁን ሶዶ የሚኖር ጓደኛው ነው። አንዱን ቅዳሜ አባቴ ይጋብዛል፣ የሚቀጥለውን እሱ። ሁለቱ ከተገናኙ እኔን ማን ያስታውሰኛል! የድሮ ዳይሬክተሮቻቸውን እያሙ እንደ ተማሪ ይንከተከታሉ። ሳምንቱን ሙሉ አባቴን የሚያቆመው ያ ሳቅ ነበር።

ኑሮ እሳት ሲሆን መጀመሪያ የተለወጠው አግዳሚው ነው። አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ሁለቱም አግዳሚዎች ዞረው ተመጋቢው ሁሉ ፊቱን ለቆርቆሮው፣ ጀርባውን ለመንገደኛው ሰጥቷል።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አልኳት ሴትዮዋን።

"እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ ደንበኞቹ ናቸው አዙሪልን ያሉኝ። ከተያዩ እንብላ ማለት ሊመጣ ነው። ዛሬ ደግሞ እንብላ ያሉት ሰው ይቀመጣል።"

ደሜ ፈላ። እሁድ ስለ አምስቱ እንጀራና ስለ ሁለቱ ዓሣ ሲሰበክ እጁን አንስቶ አሜን የሚል ሕዝብ፣ ቅዳሜ ቂጣውን ታቅፎ ቆርቆሮ ላይ ይለጠፍ? ወይ ጉድ! አባቴ ግን አልተከራከረም። በርጩማ ለምኖ ውጭ አወጣና ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

"ምን ሰርቄ ነው ተደብቄ የምበላው?" አለ።

ያን ሰሞን ጓደኛው መራቅ ጀመረ። ሲያልፍ አባቴ ይጠራዋል፤ እሱ ሆዱን መታ መታ እያደረገ "አሁን በላሁ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ቤት አብስለው ጠብቀውኝ" ይላል። በሳምንቱም ያው ነው። አባቴ ክፉኛ ተቀየመ።

"ትሪዬን ናቀ እንዴ? ምን አድርጌው ነው?" እያለ ምሳዬን አፈር አስመሰለብኝ።

"አባዬ፣ ዛሬ ከበላ በሚቀጥለው ጋባዡ እሱ ነው። ያ ይሆናላ የከበደው።"

"ዝም በይ! እኔና እሱ መቼ ነው እንደዚያ የተያየነው?"

አንድ ቅዳሜ እንደተለመደው "በላሁ" ብሎን አለፈ። ምሳችንን ጨርሰን ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ አየነው። የዘወትር ንጹህ ኮቱን እንደለበሰ፣ ፊቱን ለጭነት መኪናው ሰጥቶ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ከነልጣጩ ይበላል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚበላው። እሱ እኛን አላየንም። አባቴ እጄን ጨምድዶ ይዞ በሌላ መንገድ አዞረኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ እስኪገባ እጄን አልለቀቀም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማውን አወጣሁለት።

"መልሺው" አለኝ። ገብቶ ፊቱን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ተቀመጠ።

"አንተም? አባዬ፣ አንተም?" ጮኽኩበት፤ የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩን።

"ቀስ በይ። እዚህ ከሆንኩ አልጠራውም። ካልጠራሁት አይዋሽም። ጌታውን የሚፈራ ሰው ነው፤ በዚህ ዕድሜው በየሳምንቱ በልቻለሁ እያሰኘሁ ላስዋሸው?"

"እንደ ድሮህ ጎትተህ አታስቀምጠውም?"

"ጎትቼ ባስቀምጠው የዚያን ቀን ማየቴን ያውቃል።"

 በማን እንደምናደድ ጠፋኝ፤ በሴትዮዋ ነው፣ በገበያው ነው፣ በዚያ ኩሩ ጓደኛው ነው? ቦዬው መጣ። ለወትሮው ለሦስት ነበር የሚያዘው፤ ዛሬ ለሁለት ነው ያዘዘው።

ትሪውን ገና እንደነካን ከኋላችን የጓደኛውን ደረቅ ሳል ሰማሁ፤ ከልጅነቴ የማውቀው ሳል ነው። እርምጃው ከበርጩማው ቦታ ፊት ለፊት ሲደርስ ቆመ። ዘወር ልል ስል አባቴ ጉልበቴን ያዘኝ። የጎረሰውን አላኘከም፣ አልዋጠም።

እርምጃው ቀስ ብሎ ቀጠለ፤ ከዚያ የገበያው ጫጫታ ዋጠው። አባቴ ጉልበቴን ለቀቀ። ጉርሻውን በግድ አወረደና፣ ቆርቆሮውን እያየ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ "እንብላ" አለ።