ወንድሜ የጨመረልኝ ሦስት ዓመት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። ያን ሳምንት የማልረሳው ወንድሜን ስላጣሁበት ብቻ አይደለም። እሱ ለእኔ ብሎ የዋሸውን ውሸት በራሴ እጅ ያፈረስኩበት ሳምንት ስለሆነም ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርቴ ጎን አንድ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ገብቼ ሊጥ አቦካለሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እወጣለሁ። ክፍላችን የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ያልፈኛል። በቀሩት ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። እሑድም እገባለሁ። ሥራ እንዲህ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።

ወንድሜ አበባው አናጢ ነበር። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችንንና እኔን የያዘን እሱ ነው። እኔም «አያ» ነው የምለው። በዚያ ሳምንት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ የተሰበሩ ወንበሮችን ሲጠግን ሰንብቷል። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ጌትነት፣ አንተ ሕገ ወጥ ነህ» አለኝ እየሳቀ።

«ምን አደረግሁ አያ?»

«ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም። ሌሊት አይገባም። በዕረፍት ቀኑም አይጠራም። ወንበር እየመታሁ ቢሮው ውስጥ የምትሠራውን ሴትዮ ብጠይቃት አዋጁን አውጥታ አነበበችልኝ።»

«የእኔ መታወቂያ እኮ ሃያ ነው የሚለው» አልኩት።

ሳቁን አቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዳቦ ቤቱ ያለ መታወቂያ አልቀጥርም ሲል፣ አበባው ቀበሌ ወስዶ ሦስት ዓመት ጨምሮ አስመዘገበኝ። በእኛ አገር ይህ እንደ ትልቅ ጥፋት አይቆጠርም። ብዙ ቤት ልጅ የሚታወቀው «ገብስ ሲታጨድ ተወለደ» ተብሎ ነው እንጂ ዓመቱን የሚጽፈው የለም። እኔ ደግሞ ቁመቴ ረጅም ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና የተባለውን ጻፈ።

«የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ የምቀንሰውም እኔ ነኝ» አለ አበባው። «ሰኞ እንመጣለን ብያታለሁ።»

«ጋሼ ደሳለኝ ቢያባርሩኝስ?» የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው።

«ያኔ ሚስማር ታቀብለኛለህ። እሱንም ቢሆን በቀን ሰባት ሰዓት ብቻ!»

እናታችን ከውስጥ ሰምታ ሳቀች። ራት በላን። ተኛን። ሌላ ምንም አልነበረም።

እሑድ እኔ ሥራ ገባሁ። እሱ ጣውላ ሊያመጣ ወደ ገሳይ ሄደ። ሲመለስ በጭነት መኪና ከጣውላው ላይ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ወሬው ዳቦ ቤት ሲደርስ ጋሼ ደሳለኝ በእጄ የያዝኩትን ዳቦ ተቀብለው አስቀመጡ። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ክንዴን ይዘው እስከ ቤት አደረሱኝ። ሰኞ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው አንባቢ ክፉ ሰው እንዳይመስሉት ነው።

ማክሰኞ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቴን እጅ ነስታ ነበር።

«ጌትነት አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሰኞ ጠበቅኋችሁ። ለምን እንደቀራችሁ የሰማሁት ማታ ነው።»

አዋጁን ያነበበችለት ሴት መሆኗን ያን ጊዜ ገባኝ። እሷም እንዲህ ያለ ነገር በለቅሶ ቤት እንደማይወራ፣ ግን ወንድሜ አደራ የሰጣት ያህል ስለተሰማት እንደመጣች ነገረችኝ። ለወንድም ሞት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ አለህ አለችኝ። የሥራ ሰዓቱ ጉዳይ ግን መታወቂያዬ ሃያ እያለ ከባድ ነው።

«የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬትህ ላይ ዕድሜህ አለ?»

«አለ። ትክክለኛው።»

«እሱን ከማመልከቻ ጋር አምጣ። መታወቂያው እንዴት እንደተዛባ ጻፍ። እውነቱን።»

ረቡዕ ሥልስቱ ነበር። ጋሼ ደሳለኝ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ። ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ሐዘኑ ይብስብሃል። ነገ በሰዓትህ ግባ፣ ሥራ ያስረሳሃል» አሉኝ። እሺም እንቢም አላልኩም። በሰዓትህ ማለታቸው ሌሊት አሥር ሰዓት ነው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። እናቴ ከተቀመጠችበት አየችኝ።

«ምን ትጽፋለህ?»

ነገርኳት።

«የሞተ ልጄን ቢሮ ሄደህ ልትከስብኝ ነው?» አለች። «ሙት ወቃሽ አትሁን! ለአንተ ብሎ ነው ያደረገው።»

እውነቷን ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው። በመጀመሪያ «በጸሐፊው ስህተት ዕድሜዬ ከፍ ብሎ ተመዝግቧል» ብዬ ጻፍኩ። ቀላል ነበር። ግን ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ የነገርነውን ነው የጻፈው። የአንዱን ውሸት ለመሸፈን በሌላ ሰው ላይ ልዋሽ ነው። ቀደድኩት።

ሁለተኛውን ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ እሷ ማንበብ አትችልም።

«ወንድሜ አበባው ሥራ እንዳገኝ ብሎ ዕድሜዬን ሦስት ዓመት ጨምሮ አስመዝግቧል። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ወንድሜ ይህን ለማስተካከል ሰኞ ቀጠሮ ይዞ ነበር። እሑድ ስለሞተ ቀጠሮውን የምፈጽመው እኔ ነኝ።»



«ድገመው» አለች እናቴ።

ደገምኩት።

«ቀጠሮ ይዞ ነበር የሚለው ላይ አስምርበት» አለችኝ። አሰመርኩበት።

አሁን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ሕጉ ለልጅ የሚለውን ከእንግዲህ ለራሴ አልጠይቅም። ወንድሜ ዋሽቷል ብዬ መጻፌ ግን አንድ ቀንም አልጸጸተኝም። ያን ቅዳሜ ሊያደርግ ያሰበውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ከእናቴና ከዚያች ሴት ሌላ እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ የሚቀረው ውሸቱ ብቻ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነቅቼ ነበር። አልተነሣሁም። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ጋሼ ደሳለኝ እጃቸው እስከ ክርን ሊጥ ሆኗል።

«በእርጅናዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቦካሁልህ» አሉ። «ይሁን፣ ሐዘን ነው።»

«ሐዘኑ አይደለም ጋሼ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። በሕጉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መግባት የለብኝም።»

«በሦስት ቀን ሦስት ዓመት አነስክ? እኔ ሐዘን ሰውን ያስረጃል ሲሉ ነው የማውቀው!»

ሌሎቹ ሠራተኞች ሳቁ። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ማመልከቻውንና ሰርተፊኬቱን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ጠርገው ወደ መስኮቱ ተጠግተው አነበቡ።

«ወንድምህ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል ብሎኝ ነው የቀጠርኩህ።»

«ዋሽቶዎታል። እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ለሁለታችንም ይቅርታ ያድርጉልን።»



«ሰዓት ሲቀንስ ደመወዝም ይቀንሳል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እሑድስ?»

«እሑድ አልገባም።»

«እኔ በአንተ ዕድሜ እሑድና ሰኞን አልለይም ነበር» አሉና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጥፈው መለሱልኝ። «ነፍሱን ይማረው። በል ምን ትገተራለህ? ሽርጥህን እሰር።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን እጄን ታጠብኩና ማንንም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ማመልከቻውን ቢሮ ለሴትዮዋ ሰጥቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህር ስም እየጠሩ ነበር። የእኔን ስም ጠርተው፣ እንደ ልማዳቸው መልስ ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው አለፉ።

«አለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው ክፍሉን ፈለጉ። እጄን አወጣሁ።