ሁለት ሰዓት የሞከርኩት ፕሮግራም

የመሥሪያ ቤታችንን ሰርኪት ቦርዶች በኮምፒውተር የምትነድፈው ባልደረባዬ ቀኝ የእጅ አንጓዋን ያማት ስለነበር፣ አብዛኛውን ሥራ በግራ እጇ፣ በኪቦርድ ትሠራ ነበር። አለቃችን ከሁለት የንድፍ ፕሮግራሞች አንዱን እንድመርጥ ሲያዘኝ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ሰዓት ሞከርኩ፤ ሁሉም ነገር በማውስ የሚሠራበትን «ለአጠቃቀም ቀላል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። እሷን አልጠየቅኳትም።

ፕሮግራሙ ተገዝቶ መሥራት በጀመረች በሳምንቱ አንጓዋን እያሸች መጣች።

«ጋሼ፣ ለእንግዳስ ይመቻል። እርስዎ ጎብኝተውት ወጡ፤ የምኖርበት እኔ ነኝ።»

«ትለምጂዋለሽ፤ እኔ ሽማግሌው እንኳ ለምጄዋለሁ» ብዬ ሳቅኩ።

በስድስተኛው ወር እጇ አልታዘዝ አላትና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። ሪፖርቱን ማረም እችል ነበር። ተሳስቻለሁ ብሎ መጻፍ ስለከበደኝ ግን የሃያ ዓመት ሙያዋን ለኩራቴ ገበርኩት።