በዋሻው ውስጥ «ማታ! ማታ!»

ይህ የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼን ብጠይቅ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይለኛል። የገና ሰሞን እንደነበር ግን አልረሳውም፤ ያየሁትም እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከጎባ ወደ ላሊበላ የተነሣነው በማኅበራችን አውቶቡስ ነው። ባለቤቴ እግሯን ስለሚያማት ቀረች። ስትሸኘኝ «አንድም ሳይቀር ተሳለምልኝ። እኔ እንግዲህ አልሄድም፤ የእኔም መሳለም በአንተ ነው» አለችኝ።

እኔ እዚያው ጎባ አጠገብ፣ ሲናና በሚባል አገር ገብስ እያረስኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ብዙም የለኝም። ቤት ግን ሠርቻለሁ። ቤት ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳው ቢጣመም ጭቃ ይለጠፍበታል። ላሊበላ ስደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ፍለጋ ቀና ብዬ ተራራ ተራራውን አያለሁ። ለካስ ከእግሬ በታች ኖሯል! ዐለቱን ከጣሪያው ጀምረው እየፈለፈሉ ወደ ታች ወርደዋል። ዓምዱም፣ መስኮቱም፣ ደጃፉም አንድ ድንጋይ ነው። መሮው አንዴ ቢስት የሚለጠፍ ነገር የለም። ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ጠረቡት ሲባል እሰማ ነበር። ቆሜ ሳየው፣ ታዲያ ሌላ ምን ሊባል ይችላል አልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ አመራን። መንገዱ በዐለት ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ሰው ሲኦልን እንዲያስብ ተብሎ ያለ መብራት፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ነው የሚያልፉት።

መሐል ላይ ስደርስ ፈርቼ ቆምኩ። ዓይን ቢከፈትም ቢጨፈንም ያው ነው። የያዝኩት የፊተኛው ሰው ነጠላ ከእጄ አመለጠ። እንዳልመለስ ከኋላዬ ሰው ሞልቷል፤ ብመለስስ ባለቤቴን ምን እላታለሁ? ሳላስበው «ያ ዋቃ!» ብዬ ፈጣሪን በኦሮምኛ ጠራሁ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «አይዞዎት አባባ፣ አለሁ። ቀስ ብለው ይራመዱ» አለችኝ። ጥቂት እንደሄድን ከራሴ በላይ የዘረጋችው ሌላው እጇ ዝቅ ያለውን ዐለት ነካ መሰለኝ፣ «ማታ! ማታ!» ብላ ጮኸች።

ማታ በኦሮምኛ ራስ ማለት ነው። ቶሎ ጎንበስ አልኩ፤ ዐለቱ ፀጉሬን ዳስሶኝ አለፈ።

ከፊታችን የነበሩ አንዲት የወሎ እናት «ምን ማታ ትላለች፣ ገና ረፋድ አይደለም እንዴ!» አሉ።

«እማማ፣ ሲኦል ውስጥ ደግሞ ምን ማታና ጠዋት አለ!» አላቸው አንዱ።

ትከሻዬን የያዘችው ሴት እየሳቀች «ራስ፣ ራስ ማለቴ እኮ ነው!» ብትል ማን ይስማት። ከዚያ በኋላ ዐለቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ሕዝቡ ሁሉ «ማታ!» እያለ ለኋለኛው ያቀብል ጀመር። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ስንወጣ ብርሃኑ ቀዩን ዐለት ሞልቶታል። ከሰማይ በታች እንዲህ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ። የቤተ መርቆሬዎስን ግድግዳ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለባለቤቴ ሳምኩ። የቀሩትንም አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ፣ አንድም ሳይቀር።

አሁን አርጅቼ ሳስበው የሚደንቀኝ፣ ያን ሁሉ የፈለፈሉት ሰዎች ማን ማን እንደሚባሉ አለማወቃችን ነው። እኔን ከዚያ ጨለማ ያወጣችኝን ግን ስሟን ጠይቄያለሁ። ለጸሎት እንዲሆነኝ የክርስትና ስሟን ነገረችኝ፤ እሱ ለጸሎቴ ይቆይ። በአገሯ በጎሮ የሚያውቋት ሰዎች ግን ጫልቱ ይሏታል።